ፖሊሱ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር፦ ልጆቹ ምን ያዙ? እኛስ?

እህቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልጁን አልወቅሰውም፤ በዳዴ ከሚሄድበት ጊዜ ጀምሮ በእጄ ያደገ ነው። ዛሬም ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔን ስም ነው። የምወቅሰው የተማረበትን መንገድ ነው። በንዴት የተጻፈ እንዳይሆን ብዬ ጥቂት ወራት አቆየሁት። በመሃሉ ጠየቅሁ፤ እንግሊዝኛ ከእኔ የተሻለች አንዲት የማኅበራችን እህት እያገዘችኝም አነበብኩ።

የምሠራው አል ራሐ ቢች ነው። ለማታውቁት፣ ከአቡ ዳቢ ወደ ዱባይ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር፣ ከያስ ደሴት ፊት ለፊት ውኃውን ይዞ የተሠራ ሰፈር ነው። አል ባንደር፣ አል ሙኒራ፣ አል ዘይና እየተባለ ይከፋፈላል። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል እኛ ሞግዚቶች ልጆቹን ይዘን ውኃው ዳር እንወጣለን። የኛ አገር ልጆች አሉ፣ ፊሊፒኖች አሉ፣ ኬንያዎች አሉ። ወሬያችንም ሐሳባችንም እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

ያን ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት የመጣው ደረቱ ላይ ክብ ስቲከር ለጥፎ ነው። «ዛሬ ፖሊስ መጣ!» አለኝ፤ ደስ ብሎታል። ውኃው ዳር እስክንደርስ ድረስ የሰማውን ሁሉ ነገረኝ። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነው የተማሩት። በትልቅ ስክሪን ኪኒን፣ ዱቄት፣ ቅጠልና መርፌ አሳይተዋቸዋል። ፊቱ የገረጣና ዓይኑ የጎደጎደ ሰውዬ ፎቶም አይተዋል። መጨረሻ ላይ ሁሉም እጃቸውን አንሥተው «አልነካም» ብለው ቃል ገቡ። «ካያችሁ ደግሞ ለትልቅ ሰው ንገሩ» ተባሉ። ይሄው ነው። አርባ ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው አለኝ።

ማታ ሳህን አጥቤ ስጨርስ እንደ ልማዴ የጀርባዬን ኪኒን ዋጥኩ። ልጁ ውኃ ሊቀዳ መጥቶ አየኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት ነው፤ ጀርባዬን ያመኛል።»

«ከየት አመጣሽው?»

«ከአገሬ።»

ዝም ብሎ አየኝና ወጣ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማዳም ክፍሌ በር ላይ ቆማለች። ኪኒኑን አምጪ አለችኝ፤ በስልኳ ፎቶ አነሣችው፣ ይዛውም ሄደች። ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ። እንዲያውም ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗ እጄ ላይ ነበር። ልጁን ብቻዬን ይዤ እንዳልወጣ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ቤት የምትሠራ ዘመዷ ተራ የሕመም ማስታገሻ መሆኑን ነግራት ኪኒኑን መለሰችልኝ። «እሺ» ብላ ሄደች፤ በቃ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ አልጽፈውም ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዕረፍት ወጥቼ ደሴ በነበርኩ ጊዜ ጀርባዬን የታየሁበት ክሊኒክ ሁለት ዓይነት ኪኒን ነበር ያዘዘልኝ። አንዱ ዳይክሎፌናክ፣ ሌላው ትራማዶል። ትራማዶሉ ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው አለቀ። ሳያልቅ ቢቀር እህቴ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር ሻንጣዬ ውስጥ ትከትልኝ ነበር፤ እኔም እንደ ሌላው መድኃኒት እውጠው ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ትራማዶል በቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነው። ይዞ ለመግባት የሐኪም ማዘዣና የቀደመ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከመምጣቴ በፊት በወሰድኩት ሥልጠና የልብስ ማጠቢያ ማሽን አያያዝና ሠላሳ ያህል የዐረብኛ ቃላት ተምሬያለሁ፤ ስለ ኪኒን የነገረኝ ሰው የለም። ያዳነኝ ዕድል ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ ዕፅ ተማረ፤ የያዘው ግን «ኪኒን ካየህ ንገር» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ደግሞ ሊያሳስረኝ የሚችለውን ነገር ማንም አላስተማረኝም። ትምህርቱ የት ነው የሄደው?

መጀመሪያ ሐቁን ልናገር። ፖሊስ ትምህርት ቤት መሄዱ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። የአቡ ዳቢ ፖሊስ ለተማሪዎችና ለወላጆች ስለ ዕፅ ጉዳት ገለጻ ማድረጉ እዚህ የተለመደ ነው፤ የመጣው መኮንንም ልጆቹን በደግነት እንዳነጋገራቸው ከልጁ ፊት አይቻለሁ። አገሩ በዚህ ጉዳይ አይቀልድም፣ ልጆቹም ይህን ማወቃቸው ጥሩ ነው። የኔ ወቀሳ ሰውዬው ላይ አይደለም። አንድ ቀን መጥቶ አስፈራርቶና ቃል አስገብቶ መሄድ «ትምህርት» መባሉ ላይ ነው።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ ዓለም በሰፊው ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የከተማው ፖሊስ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ሆኖ «ዴር» የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ድፈር» እንደማለት ነው። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል እየገባ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 17 ትምህርት ያስተምር ነበር። ልብ በሉ፤ አሥራ ሰባት ነው፣ አንድ አይደለም። ፕሮግራሙ በመላ አሜሪካ ተዛመተ፣ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። ወላጅ ወደደው፣ ፖሊስ ወደደው፣ ልጆችም ቲሸርቱን ወደዱት።

ከዚያ ተመራማሪዎች «ለመሆኑ ሠርቷል ወይ?» ብለው ጠየቁ። በ1994 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና መጽሔት የወጣ ጥናት ብዙ ምዘናዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሲያይ፣ ልጆቹ ዕፅ በመጠቀምና ባለመጠቀማቸው ላይ ያመጣው ለውጥ በጣም ትንሽ ሆኖ አገኘው። በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኬንታኪ ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የተጠኑ 1,002 ልጆችን ሃያ ዓመት ሲሞላቸው ፈልጎ ጠየቃቸው። ከፖሊሱ የተማሩትና የተለመደውን ትምህርት የወሰዱት ልዩነት አልነበራቸውም። በ2001 የአገሪቱ ከፍተኛ የጤና ሹም ሪፖርት ፕሮግራሙን ከማይሠሩት መሃል መደበው። ባለቤቶቹም በመጨረሻ ሰሙ፤ በ2009 የድሮውን ትምህርት ትተው ልጆቹ ራሳቸው እየተነጋገሩና እየተለማመዱ የሚማሩበትን ሌላ ሥርዓተ ትምህርት ያዙ።

የኔን የማታ ነገር የሚያስታውስም አለበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከፖሊሱ የሰሙትን ይዘው የገዛ ወላጆቻቸውን የጠቆሙ ልጆች ታሪክ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ወጥቶ ነበር። ሕፃን ልጅ አንድን ነገር ለይቶ አይዝም። ቃል ገብቷል፣ አየ፣ ተናገረ። ከእናቱና ከአባቱ ይልቅ በእንደኛ ዓይነቷ ላይ መናገር ደግሞ ይቀለዋል። እኛ በዚያ ቤት መኝታ እንጂ ሥር የለንም። እናቱ ኪኒን ስትውጥ ቢያይ ያው መድኃኒት ነው ብሎ ያልፋል፤ እኔ ስውጥ ግን «ከየት አመጣሽው» ይላል።

የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መሥሪያ ቤት በ2013 ያወጣው፣ በ2018 ደግሞ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር አሻሽሎ ያሳተመው የመከላከል መመዘኛ አለ። እዚያ ላይ ውጤት ከማያመጡ፣ አንዳንዴም ከሚጎዱ አሠራሮች መሃል የተዘረዘሩትን ሳነብ የልጁን ስቲከር አስታወስኩ። ዋናው ዘዴ ንግግር ማድረግ ብቻ ሲሆን፣ መረጃ መስጠት ብቻ ሲሆን፣ በተለይም ማስፈራራት ሲሆን፣ አስተማሪው ፖሊስ ሲሆን። ይሠራል የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ የሠለጠነ መምህር፣ ሳምንት በሳምንት የሚቀጥል ትምህርት፣ ልጆቹ የሚናገሩበት፣ ጓደኛ ሲገፋፋቸው እንዴት እምቢ እንደሚሉ የሚለማመዱበት፣ ጭንቀት ሲይዛቸው ምን እንደሚያደርጉ የሚማሩበት።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የምትል እህት ካለች፣ እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ። በ1990ዎቹ የተማርን ፀረ ኤድስ ክበብን እናስታውሳለን። ሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት ይጮሃል፣ ግድግዳው ላይ የአጽም ሥዕል ተለጥፏል። እኔ ራሴ አጽም ሆኜ ድራማ ሠርቻለሁ። ታዲያ ምን ተማርን? መፍራትን ተማርን። የታመመች ጎረቤታችን ቤት ቡና መጠጣት ተውን። እሷም መታመሟን እንደደበቀች ሞተች። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነፃ መድኃኒት መሰጠት ሲጀምር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶችም በየቤቱ እየዞሩ ቁጭ ብለው ሲያነጋግሩ ነው። ሰው የሚሄድበት ቦታና የሚነግረው ሰው ሲያገኝ ራሱ መጣ። አጽሙ ያስተማረን መደበቅን ነው።

አሁን ደግሞ የገዛ ልጄ ጉዳይ አለ። ደሴ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው በቦቲም ስናወራ፣ ጠዋት ባንዲራ ሰልፍ ላይ ፖሊስ መጥቶ ስለ ጫትና ሺሻ እንዳስተማራቸው ነገረኝ። «ምን አላችሁ?» አልኩት። «ያው አትቃሙ ነዋ» አለና ሳቀ። ከዚያ ያለው ነገር ግን አላሳቀኝም። «እማ፣ ሰውዬው እኮ ቅዳሜ ጫት ቤት ገብተው ሲያፍሱ ከነሱ ጋር ነበር። አሁን ማን ሄዶ እኔ ጀምሬያለሁ፣ መተው አቃተኝ ይለዋል?»

ይህን ንግግር ደጋግሜ አሰብኩት። ምንም ያልነካው ልጅ ከፖሊሱ ስቲከር ያገኛል። የጀመረው ልጅ ግን፣ ማለትም ትምህርቱ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው፣ አፉን ይዘጋል። ሚስጥሩን የሚነግረው ሰው እንዲያስረው ሥልጣን ካለው ሰው የተለየ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ የልጅ እናት መሆን ይበቃል። በዚያ ላይ አገራችን ውስጥ ጫት ሕጋዊ ነው፤ መንግሥት ግብር ይሰበስብበታል፣ ለውጭ ገበያም ይልከዋል። «አደገኛ ነው» የሚለው ፖሊስ እየተናገረ ልጁ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል የጫት ሱቅ ያያል። ለዚህ ተቃርኖ መልስ የሌለው ንግግር ሳቅ ነው የሚያተርፈው። በሌላ በኩል በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያ እንዳይተላለፍም አግዷል። እንዲህ ያለው ነገር ልጁ በየቀኑ የሚያየውን ይለውጣል፤ ከአንድ ጠዋት ንግግር ይልቅ እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ነው።

ታዲያ ፖሊስ ዝም ይበል ወይ? አይደለም። ፖሊስ የሚያውቀውን ያስተምር። የሚያውቀው ሕጉንና የአዘዋዋሪዎችን ተንኮል ነው፤ እሱ ደግሞ እኛን ነው የሚያስፈልገን።

ሕጉን ልጀምር። የኤምሬትስ የ2021 የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 30 ቅጣቱ ከባድ ነው። ግን ያው ሕግ፣ ተጠቃሚ ሰው ሳይያዝ ራሱ ለሕክምና ቢመጣ፣ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ቢያመጣው፣ በመጠቀሙ እንደማይከሰስ ይናገራል። አቡ ዳቢ ውስጥም ከ2002 ጀምሮ ብሔራዊ የማገገሚያ ማዕከል አለ። ይህ እኮ ለልጅ መነገር ያለበት ትልቅ ነገር ነው! «ወንድምህ ቢታመም መታከሚያ በር አለ» ማለት ነው። ልጁን ጠየቅሁት፤ ፎቶውን ያስታውሳል፣ መሐላውን ያስታውሳል፣ ይህን አያስታውስም። ወይ አልተነገራቸውም፣ ወይ የገረጣው ሰውዬ ፊት ሸፍኖታል።

ሁለተኛው ሻንጣ ነው። በ2011 ዓ.ም. አገሩን ሁሉ ያነጋገረውን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ። አንዲት ወጣት ኢንጂነር ወደ ቻይና ስትሄድ ጓደኛዋ አድርሽልኝ ብላ የሰጠቻት የሻምፑ ዕቃ ውስጥ ኮኬይን ተገኘ ተብላ ታሰረች፤ ቤተሰቧ ስለማታውቀው ነገር ነው ብለው አለቀሱ። ያቺ ልጅ የተማረች ናት። «ዕፅ አልነካም» የሚለው መሐላ ለእሷ ምን ይረባታል? የሚረባት፣ አየር መንገድ ደርሶ የማያውቅ የኛ ፖሊስ ሳይሆን፣ ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲፈትሽ የኖረ ሰው መጥቶ «አደራ የሚባለው ነገር እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» ብሎ ቢያሳያት ነበር። ጫትም እንደዚያው ነው። አገራችን በይፋ ይሸጣል፣ እዚህ ክልክል ነው። የደረቀውን ሽፈራው ነው ወይም ሒና ነው ብለው በላስቲክ ቢሰጡሽ በዓይን አትለዪውም። እምቢ ማለት ደግሞ ለኛ ከባድ ነው። አደራ የያዘ ዘመድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ፣ «ምን አላት፣ ኮራችብን» ይባላል። ስለዚህ የሚያስፈልገን ልምምድ ይሄ ነው፦ ለዘመድ እንዴት እምቢ ይባላል?

ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አገር ቤት የሚሰጠው የቅድመ ጉዞ ሥልጠና ስለ መድኃኒትና ስለ አደራ ዕቃ አንድ ሙሉ ቀን እንዲኖረው በስማችን ይጠየቅ። ትራማዶልን፣ ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ፣ ፕሪጋባሊንን በስማቸው ይንገሯቸው፤ ማሸጊያቸውን ያሳዩአቸው። ሁለተኛ፣ ስብሰባችን ላይ አዲስ የመጡትን እህቶች ስንቀበል እኛው እንንገራቸው። የያዝሽው ኪኒን ካለ ከነማሸጊያው አምጪና ማወቅ ለሚችል የመድኃኒት ባለሙያ አሳዪ፤ የሐኪም ወረቀትሽን ከኪኒኑ ጋር አስቀምጪ፤ ከማያውቁት ሰው ቀርቶ ከሚያውቁትም የታሸገ አደራ አትቀበዪ።

ልጅ አገር ቤት ለተዋችሁም አንድ ቃል። ስንደውል «ጫት እንዳትቅም፣ ከመጥፎ ልጅ ጋር እንዳትገጥም» እንላለን። እኛም እኮ ያው ፖሊሱን ሆንን። እኔ ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። «ከማን ጋር ዋልክ? ሲደብርህ የት ትሄዳለህ? ጓደኛህ ቢሰጥህ ምን ትለዋለህ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ «ምን ሆንሽ?» ብሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን። አንድ ጊዜ መቅመሱንም ነገረኝ። አልጮህኩም። ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ እናንተ ታውቁታላችሁ። «አመሰግናለሁ ስለነገርከኝ» አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

እዚህ ያለውን ልጅም በኋላ ውኃው ዳር ቁጭ አድርጌ ጠየቅሁት። «ለምን መጀመሪያ እኔን አልጠየቅከኝም?» አልኩት። ጫማውን እያየ «እንደ ፎቶው ሰውዬ እንዳትሆኚ ፈርቼ» አለኝ። አቅፌው ስለ ጀርባዬ ነገርኩት፤ መድኃኒትና ዕፅ በምን እንደሚለያዩ፣ ሐኪም የሚያዝልን ወረቀት ምን እንደሚል አንድ በአንድ አሳየሁት። ጥያቄ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት፤ ያላወቅሁትን አላውቅም አልኩት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም።

እህታችሁ፣ ከአል ራሐ ቢች